ያልተጠየቀ ምስክር

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ቃል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ እንደ ተረጐምንላቸው ቍጥሩን አናውቀውም። ነገር ግን ለሌላ ሰው ማስተማሪያ የጻፉትን ቃል ለራስ ማንበብ እጅግ የከበደ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በቤታችን የደረሰውን ለአንባቢዎቻችን ለመንገር የተነሣነውም፣ ነገሩ በመኪና ቢጀመርም ፍጻሜው የመኪና ብቻ ሆኖ ስላላገኘነው ነው።

መኪናይቱ የጃፓን ስሪት ናት፤ ታናሽ ወንድማችን ወደ ውጭ አገር ሲሄድ የተወልን ናት። ዕድሜዋም ከበኵር ልጃችን ዕድሜ በጥቂት ያነሰ ነው። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ስለ ሆነ፣ ነጂው ፍሪሲዮን መርገጥና ማርሽ መለወጥ ሳያስፈልገው እርሷ ራሷ እንደ ፍጥነቷና እንደ ጭነቷ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ማርሽ ትለዋውጣለች። እንዴት እንደምትለዋውጥ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀን አናውቅም። ሰው ደኅና ሆኖ የሚያገለግለውን ነገር አይመረምርም፤ የሚመረምረው ሲያስቸግረው ነው።

እናታችን በደብረ ብርሃን ይኖራሉ። በሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ ስለ ወጣባቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው እንዲታከሙ ተቈረጠ፤ ለዚህም ከእቁብ የወጣልንን ገንዘብ ለይተን አስቀመጥን። በተወሰነው ቀን እኛ የፈተና ወረቀት ማረም ስለ ነበረብን፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ አንድ ዓመት የሆነውን በኵር ልጃችንን አያቱን እንዲያመጣ ላክነው። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አስፋልት ነው። በጊዜ ቢመለስ ከቀኑ በ10 ሰዓት ሊገባ ይችል ነበር። የገባው ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነበር።

በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ የቆየንበትን ጊዜ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ፍርሃት ረዘም ላለ ጊዜ በልብ ሲቀመጥ፣ የሚፈራለት ሰው በደኅና የመጣ እንደ ሆነ ወደ ቍጣ ይለወጣል። ልጃችን ከመኪናው ወርዶ አያቱን በክንዳቸው ደግፎ ሲያመጣ፣ ፊቱም ከድካም የተነሣ አመድ መስሎ ሳለ፣ «በሰላም ገባችሁን?» ሳንል «ይህችን መኪና ምን አደረግሃት?» አልነው።

እርሱም «አባባ፣ ስትወጣ ደኅና ነበረች፤ ሲሞቃት ነው እንጂ . . .» ብሎ ጀመረ። እኛ አላስጨረስነውም። መኪናይቱ በድንገት ከኋላዋ የተመታች ያህል እንደ ተንገጫገጨች፣ የፍጥነት መለኪያው መርፌ እየሄዱ ሳለ ወርዶ ዜሮ ላይ እንደ ተኛ፣ የሞተሩ መብራት እንደ በራ፣ ከዚያም በኋላ በአንድ ማርሽ ብቻ ተወስና ዳገት እንደ እንቢተኛ በቅሎ እንዳስቸገረቻት የሰማነው ከእናታችን ነው። እኛም በእናታችን ፊት «የልጅ እጅ የገባ ዕቃ ፍጻሜው ይህ ነው፤ በፍጥነት ነድተህ ሰብረሃት ነው» ብለን ፈረድን፤ ቍልፉንም ተቀበልነው።

በማግሥቱ ማለዳ መኪናይቱን አስነሥተን ወደ ትምህርት ቤት ሄድንባት። አንዳች ነውር አላሳየችም። መርፌው ይሠራል፤ ማርሹ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ይህ ልጃችንን ነጻ ሊያወጣው ሲገባ፣ እኛ ግን ተጨማሪ ማስረጃ አደረግንበት። «ማታ ታማ ጠዋት የምትድን መኪና የለችም፤ የሚለያየው መሪውን የያዘው ሰው ነው» አልን። የቀዘቀዘችው መኪና ለልጃችን አልመሰከረችለትም።

በሦስተኛው ቀን እኛው እየነዳናት፣ በተጨናነቀ መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ፣ መገናኛ አጠገብ እንደ ተባለው ተንገጫገጨች፤ መርፌውም ወደቀ። በዚህን ጊዜ እንኳ ልቡናችን አልተመለሰም፤ «እንግዲህ የሰበረው ነገር መታየት ጀመረ» አልን እንጂ። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። በዚያ የነበረው ሠራተኛ ጥቂት ነድቶ አየና፣ ምንም መሣሪያ ሳይሰካባት «ካምቢዮው ሞቷል፤ በሌላ መለወጥ ነው» አለን። የነገረን ዋጋ የዓመት ደመወዛችንን የሚያህል ነበር። ያ ገንዘብ በቤታችን በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እርሱም ለእናታችን ዓይን የተቀመጠው ነው። እናታችንም ወሬውን በሰሙ ጊዜ «እኔ ያየሁትን አይቻለሁ፤ መኪናውን አሠሩ» አሉ። ልጃችን ይህን ሰምቶ ከገበታ ተነሣ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኛ ሳንነቃ ይወጣል፤ እኛ ከተኛን በኋላ ይገባል።

አብሮን የሚያስተምር አንድ የፊዚክስ መምህር ጭንቀታችንን አይቶ፣ ጠጕራቸው ወደ ሸበተ አንድ መካኒክ ወሰደን። እኒህ ሰው ታሪካችንን እስከ መጨረሻው በዝምታ ሰሙ። ከዚያም ካምቢዮውን ከመንካታቸው በፊት የሚከተለውን ነገሩን፤ እኛም እንደ ተማሪ በደብተራችን ጻፍነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚታዘዘው ለአንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሯ ግን ዓይን የላትም፤ የምታውቀው ሴንሰር የተባሉ መልእክተኞች የሚነግሯትን ብቻ ነው። ከእነዚህም መካከል ሁለቱ ዋናዎች ናቸው፤ አንደኛው ወደ ካምቢዮው የሚገባው ዘንግ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይናገራል፤ ሁለተኛው ወደ ጎማዎቹ የሚወጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይናገራል። ኮምፒውተሯ ሁለቱን ቃል ታስተያያለች። ለምሳሌ ያህል የመግቢያው ዘንግ 3,000 ጊዜ ሲዞር መውጫው 2,000 ጊዜ ቢዞር፣ አንድ ተኩል ለአንድ ነው፤ ይህም የሁለተኛው ማርሽ ልክ ከሆነ ነገሩ ደኅና ነው ትላለች። ከሁለቱ አንዱ ዝም ቢል ወይም የማይሆን ነገር ቢናገር፣ መቼ ማርሽ መለወጥ እንዳለባት ማወቅ አትችልም። በዚያን ጊዜ ካምቢዮው እንዳይጐዳ አንድ ማርሽ ብቻ ይዛ፣ መብራት አብርታ፣ ነጂው እያዘገመ ቤቱ እንዲደርስ ታደርጋለች። ስለዚህ በአንድ ማርሽ ተወስኖ መቅረት ሁልጊዜ የካምቢዮ ሞት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የጥንቃቄ ምልክት ነው። በእኛ መኪና ደግሞ የፍጥነት መለኪያው መርፌ ወሬውን የሚቀበለው ከዚያው ከመውጫው ሴንሰር ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ጊዜ መታየታቸው ወደ አንድ ምንጭ የሚያመለክት ነበር።

ሴንሰሩ ራሱ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ነው። በውስጡ ማግኔትና በማግኔቱ ላይ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። በፊቱ ከዘንጉ ጋር የሚዞር ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ይገኛል። እያንዳንዱ ጥርስ ሲያልፍ የማግኔቱ ኃይል ይለዋወጣል፤ በዚህም ምክንያት በሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1831 ዓ.ም. ያገኘው ሕግ ይኸው ነው። ይህ ዓይነቱ ሴንሰር ሁለት ሽቦ ብቻ አለው። ሌላው ዓይነት ደግሞ ሦስት ሽቦ ያለውና ከመኪናው ኤሌክትሪክ ተቀብሎ የሚሠራው ነው፤ እርሱም አሜሪካዊው ኤድዊን ሆል በ1879 ባገኘው ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓይነት መንገድ ስለማይፈተኑ፣ ሽቦውን ሳይቈጥሩ መለኪያ ማሳረፍ አይገባም። የእኛው ባለ ሁለት ሽቦ ነበር።

ሽማግሌው ከዚህ በኋላ ወደ ሥራ ገቡ። በመጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አንጠበጠቡ፤ ቀይና ንጹሕ ነበር፤ የማረር ሽታም አልነበረውም። «በውስጡ የተቃጠለ ካምቢዮ ዘይቱ ይጠቍራል፤ ይሸታልም» አሉን። ቀጥለው ከመሪው በታች ባለው 16 እግር ባለው መሰኪያ ላይ የኮድ ማንበቢያውን ሰኩ። (እንዲህ ያለው መሰኪያ በአሜሪካ አገር ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በሚሸጡ የቤት መኪናዎች ሁሉ እንዲኖር የተደነገገ ነው።) የወጣው ኮድ ፒ0720 ነበር፤ ትርጓሜውም በመውጫው ፍጥነት ሴንሰር መሥመር ላይ ጕድለት አለ ማለት ነው። ስለ መግቢያው ሴንሰር የሚናገረው ፒ0715 ግን አልነበረም።

እኛም ደስ ብሎን «እንግዲያው ሴንሰሩን እንለውጠው» አልን። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መምህር፣ ኮዱ የነገረን ሠፈሩን ነው እንጂ ቤቱን አይደለም። ሴንሰሩ ሊሆን ይችላል፤ ሽቦው ሊሆን ይችላል፤ መሰኪያው ሊሆን ይችላል» ብለው መሰኪያውን ነቅለው ተመለከቱ። ደረቅና ንጹሕ ነበር። ከዚያም ቴስተራቸውን አውጥተው የሴንሰሩን ሁለት እግሮች ለኩ። 610 ኦም አነበበ። የመኪናይቱ የጥገና መጽሐፍ በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ560 እስከ 680 ኦም መሆን እንዳለበት ስለሚናገር፣ ሴንሰሩ ደኅና ነው ማለት ነው።

ልባችን ወደቀ። ሴንሰሩ ደኅና ከሆነ ካምቢዮው ጥፋተኛ ነው፤ ካምቢዮው ጥፋተኛ ከሆነ ልጃችን ጥፋተኛ ነው፤ የእናታችንም ዓይን ይቆያል። እኒያ ሰው ግን ቴስተሩን እያጠፉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን።

«መምህር፣ መጀመሪያ ስትበላሽ መሪው ላይ የነበረው ማን ነው?»

«ልጃችን ነው።»

«እርሱን ጠይቀውታል?»

ምን ብለን እንመልስ? ኰንነነዋል እንጂ አልጠየቅነውም። በዚያች ምሽት ሳንተኛ ጠበቅነው። በገባም ጊዜ «ልጄ፣ ተቀመጥ፤ ያን ዕለት የሆነውን ከመጀመሪያው ንገረን» አልነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ከቦርሳው የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠን። የነዳጅ ደረሰኝ ነው። በጀርባው በእርሳስ እንዲህ የሚል ተጽፏል፤ «የመጀመሪያው መንገጫገጭ ከተነሣን 50 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ሸኖ ሊደረስ ሲል። አንድ ሰዓት ቆመን ስንነሣ ደኅና። ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና። አንድ ሰዓት ቆመን ደኅና። ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና።» አያቱ በመንገድ ዳር ባረፉባቸው ጊዜያት የጻፈው ነው። በመጀመሪያዪቱ ሌሊት «ሲሞቃት ነው እንጂ» ብሎ ሊነግረን የጀመረው ቃል ይህ ነበር። የምርመራው ቍልፍ ስድስት ቀን ሙሉ በልጃችን ቦርሳ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ሽማግሌው ወረቀቱን ባዩ ጊዜ «ይህ ልጅ መካኒክ ነው» አሉ። ለካ የመዳብ ሽቦ ሲሞቅ የሚሆነው ነገር አለ። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ሽቦው ለኤሌክትሪክ የሚያቀርበው ተቃውሞ ከመቶ 0.4 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በ20 ዲግሪ 610 ኦም የነበረው በ90 ዲግሪ ወደ 780 ቢጠጋ ተፈጥሮው ነው፤ በሽታ አይደለም። ነገር ግን ያ እንደ ጠጕር የቀጠነ ሽቦ በአንድ ቦታ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ፣ ሲቀዘቅዝ ጫፎቹ ይነካካሉ፤ ሲሞቅ ክፍሉ ሁሉ ስለሚለጠጥ ይለያያሉ፤ መሥመሩም ይቋረጣል። እንዲህ ያለውን ጕድለት በቀዝቃዛ መኪና ላይ ሺህ ጊዜ ቢለኩት አይገኝም።

በማግሥቱ ሽማግሌው፣ ልጃችንና እኛ በሰንዳፋ መንገድ ወጣን። ቍልፉን ለልጃችን ሰጠነው። የኮድ ማንበቢያው ተሰክቶ የሁለቱን ዘንጎች ዙር እያሳየ ይሄድ ነበር። 40 ደቂቃ ያህል ሁለቱ ቍጥሮች እኩል ሲወጡና ሲወርዱ ቆዩ። ከዚያም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄድን ሳለ የመግቢያው ቍጥር በቦታው እንዳለ የመውጫው በአንድ ጊዜ ዜሮ ሆነ፤ መኪናይቱም ተንገጫገጨች። ጎማው እየዞረ የጎማው ዘንግ ቆሟል ሊባል አይችልም፤ እንግዲህ ሐሰተኛው ምስክር ተለይቶ ታወቀ።

በሜዳ ቦታ ከመንገድ ወጥተን ቆምን፤ ሞተሩ ጠፋ፤ የእጅ ፍሬኑ ተያዘ። ሽማግሌው ጓንት አጥልቀው መሰኪያውን ነቀሉና ቴስተሩን አገናኙ። ምንም ንባብ የለም፤ መሥመሩ ተቈርጧል። ከመሰኪያው እስከ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን ሽቦ ደግሞ እየወዘወዙ ለኩት፤ ደኅና ነው። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቀን ሴንሰሩን እንደገና ስንለካው 600ዎቹ ውስጥ ተመልሶ ገባ። ከእንግዲህ ጥርጥር አልቀረም። ካምቢዮው አልሞተም፤ መልእክተኛው ነው የታመመው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ይህ ሴንሰር የተሰነጠቀው በዕድሜና በሙቀት ነው እንጂ በማንም ሰው አነዳድ አይደለም።

አዲሱ ሴንሰር ዋጋው ከካምቢዮው ዋጋ ከሃያ እጅ አንድ እጅ አልሞላም። የተያዘው በአንድ ቡሎን ብቻ ነበር። አሮጌው ሲወጣ ሽማግሌው ጫፉን አሳዩን፤ ማግኔቱ የሰበሰበው ጥቂት ግራጫ ዝቃጭ ነበረበት። «ይህ ከተለመደው መፋተግ የሚመጣ ነው፤ የብረት ስባሪ ቢሆን ኖሮ ግን ስለ ካምቢዮው እንደገና እንነጋገር ነበር» አሉ። የጎማ ቀለበቱን በዘይት አርሰው አዲሱን ከተከሉ በኋላ ኮዱን አጠፉ። እኛም በዚያው መንገድ እስከ ሸኖ ሄደን ተመለስን። በሽታው በታየበት መንገድ ያልተፈተነ መድኃኒት ተፈተነ አይባልምና።

ከዚህ በኋላ ከሁሉ የከበደው ሥራ ቀረልን። በመንገድ ላይ ልጃችንን ብቻውን «ይቅር በለን» ልንለው እንችል ነበር። ነገር ግን የኰነንነው በአያቱ ፊት ነው፤ በሰው ፊት ለተዋረደ ሰው በጓዳ የሚሰጥ ይቅርታ ግማሽ ይቅርታ ነው። ስለዚህ ማታ ቤተ ሰቡ ሁሉ በገበታ ሳለ ተነሥተን፣ «ልጃችን መኪናይቱን አልሰበረም፤ አያቱንም በጥንቃቄና በትዕግሥት አምጥቷል። ሳንጠይቀው ፈርደንበታል፤ በድለነዋል» አልን። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ በተቃረበ የማስተማር ዘመናችን እንደዚያች ንግግር ያለ አጭርና ከባድ ትምህርት ሰጥተን አናውቅም።

ልጃችን አቀርቅሮ «አባባ፣ እኔም ወረቀቱን በማግሥቱ ልሰጥዎ ይገባ ነበር፤ ተቀይሜ ነው የደበቅሁት» አለ። እናታችን ግን ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ የጠፋውን ወይፈን ታስታውሳለህ? አባትህ አንተን ከገረፈ በኋላ ወይፈኑ ከጎረቤት በረት ተገኘ። አባትህ እስኪሞት ድረስ ይህን ነገር ሊነግርህ ይፈልግ ነበር፤ አልቻለም» አሉን። ወይፈኑን እናስታውሰዋለን። የአባታችንን ፍላጎት ግን እስከዚያች ሌሊት ድረስ አላወቅንም ነበር።

እናታችን በኅዳር ወር ዓይናቸውን ታከሙ፤ ደኅና ያያሉ። መኪናይቱም ትሠራለች።

መኪና ላላቸው አንባቢዎቻችን ካየነው ጥቂት ምክር እንተዋለን። አንደኛ፣ ካምቢዮ ይለወጥ የሚል ቃል ስትሰሙ ከመክፈላችሁ በፊት ኮዱ ይነበብ፤ የዘይቱም መልክና ሽታ ይታይ። ሁለተኛ፣ ኮዱ አንድ ዕቃ ስለ ጠራ ብቻ ያን ዕቃ አትግዙ፤ ዕቃው፣ መሰኪያውና ሽቦው በየተራቸው ይለኩ። ሦስተኛ፣ ሲሞቅ የሚታመመውን ሲሞቅ፣ ሲቀዘቅዝ የሚታመመውን ሲቀዘቅዝ መርምሩ። አራተኛ፣ ሴንሰሮቹ ሁሉ በትክክል እየተናገሩ ማርሹ የሚንሸራተት፣ ዘይቱም የጠቈረ ከሆነ፣ በዚያን ጊዜ በእውነት ካምቢዮው ታሟልና ራሳችሁን አታታልሉ።

አምስተኛውና የመጨረሻው ለመኪና ባለቤቶች ብቻ የሚሆን አይደለም። በቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ፣ መሣሪያ ከማንሣታችሁ በፊት፣ ድምፃችሁንም ከፍ ከማድረጋችሁ በፊት፣ በቦታው የነበረውን ሰው ጠይቁ፤ እስኪጨርስም ድረስ ስሙት። እኛ ያንን የነዳጅ ደረሰኝ በማስተማሪያ ደብተራችን ውስጥ አኑረነዋል፤ ተማሪ ተከሶ ወደ ፊታችን በመጣ ቍጥር፣ አፋችንን ከመክፈታችን በፊት አንድ ጊዜ እናየዋለን።